መሸሽ እየቻለች

ትንሽ ወፍ ለመግዛት የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ጣቱን የሚቀስረው፣ ሌሎቹ ከወዲያ ወዲህ ሲራወጡ ላባዋን አንጨፍርራ ጥግ ላይ ወደተቀመጠችው ነው። «ይቺ ጨዋ ናት» ይላል። ያቺ ወፍ ግን ከጨዋነቷ ይልቅ ሕመምተኛ የመሆን ዕድሏ ይበልጣል። አዳኝ የሚበዛባት ፍጥረት ስለሆነች ወፍ ሕመሟን ትደብቃለች፤ በጠራራ ቀን ላባዋን ነፍታ ስታንቀላፋ የታየች እንደሆነ ሕመሙ ከመደበቅ አልፏል ማለት ነው። ይኸው ስሕተት ቤት ከገባች በኋላም ይከተላታል፤ በጭብጥ ውስጥ ተይዛ ዝም ስትል «ለመደች» ይባላል። ወፍ መምረጥም ሆነ ማላመድ የሚጠይቀው ዋና ችሎታ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እሱም መደንዘዝን ከመረጋጋት መለየት ነው። ለመደች ልትባል የሚገባት መሸሽ እየቻለች የማትሸሽ ወፍ ብቻ ናት።

ለዚህ ማስረጃ የምትሆነን በብዙ አገር በቤት የምትረባው ባጂ ናት። ባጂ ከ30 እስከ 40 ግራም የምትመዝን፣ ከበቀቀን ወገን የሆነች የአውስትራሊያ ወፍ ናት፤ እንግሊዛዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ጆን ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1840 በሕይወት ወደ አገሩ ካመጣት ወዲህ በሰው እጅ እየተራባች ኖራለች። መራጩ መጀመሪያ ራቅ ብሎ ቢያያት ይሻላል፤ ሰው ሲጠጋት የታመመችውም ነቃ ትላለችና። ስትተነፍስ ጅራቷ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ከጅራቷ ሥር ያለው ላባ የቆሸሸ፣ ምንቃሯ ዙሪያ ቅርፊት የያዘ ከሆነ ይተዋት። ዕድሜዋን ግንባሯ ይናገራል፤ ጥቋቁሮቹ መስመሮች ወርደው ከምንቃሩ በላይ ያለውን ለስላሳ ቆዳ ከነኩ ገና ጫጩትነቷን አልጨረሰችም፤ በሦስትና በአራት ወር መካከል ላባ ስትቀይር ግንባሯ ይጠራል። ራሷን ችላ መብላት የጀመረችና ግንባሯ ያልጠራ ወፍ ለማላመድ ትመቻለች፤ የሰውን እጅ ለመፍራት የሚያበቃ ታሪክ ገና የላትምና። ከእነዚህ መካከል የምትመረጠው ዝም ያለችው ሳትሆን የምትበላው፣ የምትጫጫውና ሰው ሲጠጋ ፈቀቅ ብላ ጥቂት ቆይታ ወደ መብሏ የምትመለሰው ናት።

ማላመዱም የሚጀምረው የወፏን ፍርሃት እንደ ጥፋት ባለማየት ነው። ዓይኖቿ በግራና በቀኝ ጎኗ የተተከሉት ከየትም የሚመጣን አዳኝ እንድታይ ነው፤ ከላይ የሚወርድ እጅ ለእሷ ጭልፊት ነው። ስለዚህ ኬጁ አንድ ጎኑ ግድግዳ ተደግፎ በሰው ደረት ከፍታ ላይ ይቀመጥ፤ እጅም ሁልጊዜ ከፊትና ከታች ይምጣ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከመብልና ከውሃ በቀር ምንም አይጠየቅባት። ቀጥሎ ከዳጉሳ ጋር የሚዛመደው የሚሌት ዛላ በሽቦው መካከል ይቀርብላታል፤ ስትለምደው በበሩ በኩል፤ በመጨረሻ ጣት ከእግሮቿ ከፍ ብሎ ሆዷን ሲነካ ትወጣበታለች። ላባዋ ከሰውነቷ ተጣብቆ፣ አንገቷ ረዝሞ፣ ወደ ኋላ ዘንበል ካለች ግን እጅ የሚመለሰው ሳትበር በፊት ነው። ይህች ትንሽ ማፈግፈግ የሥራው ሁሉ እምብርት ናት። እምቢታዋ እንደሚሰማላት ያወቀች ወፍ ለመሸሽ አትቸኩልም። በአንጻሩ ላባዋን ካራገፈች፣ በምንቃሯ ካበጠረች ወይም በአንድ እግሯ ከቆመች መረጋጋቷ እውነት ነው።

«ይህ ሁሉ ትዕግሥት ለምን? በፎጣ ጠቅልሎ መያዝ ወይም ክንፍ መከርከም በቀናት ውስጥ ጭምት ያደርጋታል» የሚሉ አሉ። ዝም ማለቷን አልክድም። ግን ማምለጫ ያጣች ወፍ ትንቀሳቀስ የነበረው በከንቱ መሆኑን ስላየች ነው የምታቆመው። ምስክሩም ቀላል ነው፤ ክንፏ መልሶ ሲያድግ ወይም የኬጁ በር ሲከፈት ወደ ሰውየው ትመጣለች ወይስ መጋረጃ ላይ ትወጣለች? በግድ የያዛት ሰው መልሱን ብዙ ጊዜ መጋረጃው ላይ ያገኘዋል። መያዝ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ መድኃኒት መስጠት ለምሳሌ። እሱ ሕክምና እንጂ ማላመድ አይባልም።

ሁለተኛው ክርክር ከበድ ይላል፤ ሁለት ወፎች አብረው ከኖሩ ሰውን አይፈልጉም፣ ስለዚህ አንዷን ብቻዋን ማኖር ይሻላል ይባላል። ብቸኛ ወፍ ቶሎ እንደምትቀርብ እውነት ነው። ሆኖም ባጂ በመንጋ የምትኖር ወፍ ናት፤ ሌላ ጓደኛ ስለተነፈገች የመጣችውን ወፍ መምጣት እንደ ምርጫ መቁጠር ራስን ማታለል ነው። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው ምናልባት መንጋዋ ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ግን ሁለት ቢያኖርና መቀራረቡ ቢዘገይበት ይሻለዋል።

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ ግን ኬጁ ራሱ ዋናውን መሸሻ ነጥቋታል የሚለው ነው። ይህን ሙሉ በሙሉ የምመልስበት ቃል የለኝም፤ ሁለት ግዴታ ግን ያስከትላል። አንደኛው፣ ከዱር የተያዘ ወፍ አለመግዛት ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በተፈጥሮ የትም የማይገኘው፣ ወንዱ በቀይ ግንባሩ የሚለየው ክንፈ ጥቁር ላቭበርድ ቦታው ዛፉ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ ልትሸሸው ከማትችለው ነገር ባለቤቷ እንዲከላከልላት ነው። የወፍ ሳንባ አየርን ከእኛ ይበልጥ አሟጦ ስለሚወስድ፣ ከመጠን በላይ የጋለ የቴፍሎን መጥበሻ ትነት ይገድላታል፤ ዕጣን የሚጨስበትና ቡና የሚቆላበት ክፍልም ለእሷ አይሆንም። አቮካዶም መርዟ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎላትም ጣት ላይ የማትወጣ ወፍ ትኖራለች። በመልካም ኬጅ ውስጥ ከጓደኛዋ ጋር እየተጫጫች ከኖረች ሥራው ከሸፈ አይባልም። እምቢታዋን ለመቀበል ያልተዘጋጀ ሰው፣ እሺ ያለችውንም ወፍ ወዳ ይሁን ተገዳ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።