ዝም የሚል ባትሪ

ሙያውን የጀመርኩት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ በነበረች ጠባብ ባትሪ ቤት ነው። እዚያ ባትሪ ያወራል። ቻርጅ ላይ ሲጠግብ ይፈላል፤ ውሃው ሲጎድል ሳህኖቹ ብቅ ይላሉ፤ ከልክ በላይ ሲሞላ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲደክም የመኪናው መብራት ይፈዝዛል፣ ሞተሪኖው እያቃሰተ ይዞራል። ያስተማሩኝን አለቃ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ቴስተር ላነሳ ስል እጄን ይዘው “አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ አዳምጠው፤ ከዚያ ትለካዋለህ” ይሉኝ ነበር። ክዳኑን ከፍተው አሲዱን በመለኪያው ቱቦ ይስቡና ተንሳፋፊዋ 1.265 ላይ ስትቆም “ይኼ ጤነኛ ነው” ይላሉ። ጆሮዬም፣ አፍንጫዬም፣ ዓይኔም ሙያ የተማሩት እንዲህ ነው።

አሁን የምሠራው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ደንበኞቼ የአርቪ ባለቤቶች ናቸው፤ አልጋ፣ ኩሽና፣ ሻወርና ማቀዝቀዣ ያለው፣ በጎማ የሚሄድ ቤት አላቸው። ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። የብርዱን ወራት አሪዞና በረሃ፣ የሙቀቱን ወራት ሮኪ ተራሮች ላይ ያሳልፋሉ። ወደ እኔ የሚመጡት የእርሳስ ባትሪያቸውን አውጥቼ ሊቲየም፣ ከእሱም ጋር ኢንቨርተር-ቻርጀር እንድገጥምላቸው ነው። ይህ ሳጥን ሁለት ሥራ ይሠራል። መኪናው ካምፕ ቦታ ላይ ሲሰካ የመጣውን 120 ቮልት ወደ ቤቱ እያሳለፈ ባትሪውን ይሞላል፤ ሲነቀል ደግሞ ሰዓት እንኳ ሳይጠፋ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 120 ይቀይራል።

ይህ አዲስ ባትሪ ግን አያወራም። አይፈላም፣ አይሸትም፣ የሚከፈት ክዳን የለውም። ጋሼ ያስተማሩኝ ማዳመጥ እዚህ ምን ሊጠቅመኝ ይችላል ብዬ የተጨነቅኩበት ጊዜ ነበር።

ዝምታው ከጠባዩ የመጣ ነው። የእርሳስ ባትሪን ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። አርቪ ውስጥ የምንገጥመው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ዓይነት ግን ከእነ ጆን ጉዲናፍ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የወጣ፣ ጥናቱም በ1997 የታተመ ነው። አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ነው፤ አራቱ በተከታታይ ሲታሰሩ 12.8 ይሆናሉ። የእርሳስ ባትሪ ሲጎድል ቮልቱም አብሮ ደረጃ በደረጃ ስለሚወርድ፣ ቴስተር የያዘ ሰው ግማሽ መድረሱን ያውቃል። ሊቲየሙ ሜዳ ለሜዳ ይጓዛል። 80 በመቶ ላይም 40 በመቶ ላይም ብትለካው 13 ቮልት አካባቢ ነው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ገደል ነው።

ስለዚህ የገባውንና የወጣውን ኮረንቲ የሚቆጥር ሻንት በኔጋቲቩ መስመር ላይ እገጥማለሁ። ሻንት እንደ ሱቅ ደብተር ነው፤ የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ ነው። አንዲት ቀጭን ኔጋቲቭ ሽቦ እንኳ ሻንቱን ዘላ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ከታሰረች የወሰደችው ሳይመዘገብ ይቀራል፤ ከሳምንታት በኋላ ደብተሩ “ሙሉ ነው” እያለ ቤቱ ይጨልማል። ሥራ ስረከብ መጀመሪያ የምፈልገው ይህችን ሽቦ ነው።

ባትሪው ውስጥ ቢኤምኤስ የሚባል ጠባቂ ሰሌዳም አለ። አንዱ ሴል ከመጠን በላይ ሲሞላ፣ ከመጠን በታች ሲወርድ ወይም ሲበርደው መስመሩን ይቆርጣል። ብርዱ ለኮሎራዶ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ሊቲየሙ በሴሉ ውስጥ ወዳለው ግራፋይት መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል፤ ያ ጉዳት አይመለስም። ስለዚህ የእርሳሱ ባትሪ የነበረበት የውጭ ሳጥን ውስጥ አልመልሰውም፤ ሰው ከሚሞቅበት ክፍል፣ ከአልጋው ሥር አስቀምጠዋለሁ። ቻርጀሩንም እንደ አዲስ አስተካክላለሁ። ለእርሳስ ባትሪ የተሠራው፣ ከ15 ቮልት በላይ እየገፋ ሴሎቹን የሚያስተካክለው አሞላል ለሊቲየም ጠንቅ ስለሆነ ፈጽሞ መዘጋት አለበት። የሞተሩን ዲናሞም በቀጥታ አላስርም። ሊቲየም የሰጡትን ሁሉ ስለሚጠጣ ዲናሞው ያለ እረፍት ሙሉ ጉልበቱን እየሰጠ ሊቃጠል ይችላል፤ በመካከላቸው ኮረንቲውን የሚመጥን ከዲሲ ወደ ዲሲ ቻርጀር ይገባል።

ከሁሉ በላይ የምጣላው ግን “12 ቮልት ምን ያደርጋል?” ከሚለው አነጋገር ጋር ነው። እርግጥ ነው፣ እጅ ቢነካው ምንም አይሰማውም። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። 3000 ዋት ኢንቨርተር ከ12 ቮልት ሲጎትት 250 አምፒር ይፈልጋል፤ የራሱ ብክነት ሲጨመር ከዚያ ያልፋል። በዚህ ኮረንቲ ላይ አንድ ሺኛ ኦም ያለው መገጣጠሚያ 62 ዋት ተኩል ሙቀት ያወጣል። አንድ ሺኛ ኦም ማለት በደንብ ያልጠበቀ ብሎን ማለት ነው። ገመዱ 4/0 የሚባለው፣ ወደ 107 ስኩዌር ሚሊሜትር መዳብ ያለው፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያህል የሆነው ለዚህ ነው። ሊቲየም የውስጥ ተቃውሞው ትንሽ ስለሆነ ኮንታክት ቢፈጠር በሺዎች የሚቆጠር አምፒር ይለቃል። ዲሲ፣ ማለትም የባትሪ ኮረንቲ፣ ደግሞ እንደ ግድግዳው ኮረንቲ በየቅጽበቱ ዜሮ ላይ ስለማይደርስ አንዴ የተነሳው ብልጭታ በራሱ አይጠፋም። ተራ ፊውዝ ቢቀልጥም እሳቱ በክፍተቱ ላይ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ እስከ 20,000 አምፒር መቁረጥ የሚችለውን ክላስ ቲ ፊውዝ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ የቻልኩትን ያህል አቅርቤ እገጥማለሁ።

የ120 ቮልቱ በኩል የራሱ ሕግ አለው፤ እሱም የሰው ሕይወት ነው። ኒውትራልና አርዝ የሚገናኙት በአንድ ቦታ ብቻ፣ ኮረንቲው በሚመነጭበት ነው። መኪናው ካምፕ ላይ ሲሰካ ምንጩ ውጭ ስለሆነ ውስጥ መገናኘት የለባቸውም፤ ሲነቀል ምንጩ ኢንቨርተሩ ስለሚሆን እሱ በራሱ ሪሌ ያገናኛቸዋል። የቤት መስመር ብቻ የሚያውቅ ሰው ፓነሉ ውስጥ በብሎን አገናኝቷቸው ከሆነ ተመላሹ ኮረንቲ በመኪናው ብረት ላይ ይሄዳል። ኒውትራሉ የሆነ ቦታ የተበጠሰ ዕለት ደግሞ እርጥብ ሣር ላይ ቆሞ በሩን የሚከፍት ልጅ አለ። ይህን ሳላረጋግጥ ቁልፍ አስረክቤ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ሌላ ቦታ ያስገጠሙትን ይዘው መጡ። ማይክሮዌቭ ሲያበሩ ኢንቨርተሩ “ባትሪው ወርዷል” ብሎ ይጠፋል፤ ሻንቱ ግን 90 በመቶ ይላል። ባትሪውን ሁለቴ ለውጠዋል። አልጋውን አንስቼ ገባሁ። ማይክሮዌቩ ውስጥ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ አስቀምጠን አበራነው፤ 130 አምፒር ሄደ። የባትሪው ጫፍ ላይ 13.0 ቮልት፣ የኢንቨርተሩ ጫፍ ላይ 11.9። ኢንቨርተሩ ከ12 በታች ሲሆን እንዲያቆም ታዟል፤ ስለዚህ አልዋሸም፣ ሻንቱም አልዋሸም። 1.1 ቮልት መንገድ ላይ ጠፍቷል።

የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ግራና ቀኝ እያሳረፍኩ ሄድኩ። ገመዱ ቀጭን ነበር፤ ደርሶ መልስ 0.4 ወስዷል። የቀረውን 0.7 ቮልት ገመዶቹ የሚሰበሰቡበት የመዳብ ባር ላይ፣ አንድ ብሎን ላይ አገኘሁት። 0.7 በ130 ሲባዛ 91 ዋት ነው፤ የድሮ አምፖል ሙቀት፣ ከፍራሽ ሥር። የባሩ ፕላስቲክ ቡና መስሏል። ስፈታው በካፖኮርዳው፣ ማለትም በገመዱ ጫፍ በተጨመቀው መዳብ፣ እና በመዳቡ ባር መካከል የማይዝግ ብረት ሮንዴላ ገብታለች፤ ብሎኑም በመንገዱ ንዝረት ላልቷል። ካፖኮርዳው መዳብ ለመዳብ ተኝቶ፣ ሮንዴላዋ ከላይ፣ ዳዶው ከሁሉ በላይ መሆን ነበረበት። ያሰረው ሰው ክፉ አልነበረም። ያሉት ዕቃዎች ያው ናቸው፣ የጎደለም የለም፤ የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ካልለካኸው በቀር የሚነግርህ የለም።

ያኔ የጋሼ ንግግር ሌላ ትርጉም ያዘልኝ። ማዳመጥ በጆሮ ብቻ አይደለም። ባትሪው ዝም ካለ የሚጠየቀው በቁጥር ነው፤ ጠያቂውም ገጣሚው ነው። ከዚያ ወዲህ ካፖኮርዳ በሃይድሮሊክ ስጨምቅ ከእያንዳንዱ ጥቅል አንዷን በመጋዝ ለሁለት ቆርጬ ውስጧን አያለሁ። ሽቦዎቹ ተዋሕደው አንድ ጠጣር መዳብ ከመሰሉ ሥራዬን እቀጥላለሁ፤ በመካከላቸው ጥቁር ቀዳዳ ካየሁ ሌሎቹንም እጥላቸዋለሁ። ብሎን በእጅ ግምት ማጥበቅ ትቻለሁ፤ በቶርክ መፍቻ፣ አምራቹ በጻፈው ልክ ነው። መጨረሻ ላይ ትልቅ ጭነት አብርቼ የእያንዳንዱን መገጣጠሚያ ሚሊቮልት እለካና ከነአምፒሩ ወረቀት ላይ ጽፌ በባትሪው ሳጥን ክዳን ውስጥ እለጥፈዋለሁ።

አብሮኝ የሚሠራው ወጣት መጀመሪያ ላይ ይህ አልገባውም ነበር። “ጋሼ፣ ጠብቋል እኮ፤ ራሴ ነኝ ያጠበቅኩት” አለኝ።

“አውቃለሁ የኔ ልጅ። ቁጥሩን ጻፈው።”

ጻፈው። ሦስተኛው መገጣጠሚያ፣ 4 ሚሊቮልት።

ከዓመት በኋላ ያው መኪና ተራራውን ሲወጣና ሲወርድ ከርሞ ለሌላ ጉዳይ መጣ። ባለቤቶቹ ምንም ቅሬታ አልነበራቸውም፤ መብራቱ ይበራል፣ ማቀዝቀዣው ይሠራል። ልጁ ሳልነግረው ክዳኑን ከፈተ፣ ጭነቱን እንደ ድሮው 130 አምፒር አደረሰ፣ ጫፎቹን እያሳረፈ ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት ጀመረ። አንድ፣ ያው ነው። ሁለት፣ ያው ነው። ሦስተኛው ላይ ቆመ፣ ደግሞ ለካ፣ ቀና ብሎ አየኝ። “19 ሆኗል።”

በእጅ ቢነካ አይሞቅም፣ በዓይን ቢታይ ምንም የለውም። ኮረንቲውን ቆርጦ ብሎኑን ፈታ፣ መዳቡን አጸዳ፣ በመፍቻው መልሶ አጠበቀ፣ ጭነቱን አብርቶ ለካ። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥቶ ከአምናው ቁጥር ሥር የዕለቱን ቀንና 4 ጻፈ።