ጆርጅ የተባለው የሎንዶን መጠጥ ቤትና አሳዳሪዎቹ

ስለ አሮጌ መጠጥ ቤቶች የሚጻፈው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የእንግዶች ታሪክ ነው። እገሌ የተባለው ባለቅኔ በዚህ ወንበር ተቀመጠ፤ እገሌ የተባለው ደራሲ በዚህ ጠረጴዛ ጠጣ ይባላል። ወንበሩን ያዘጋጀው፥ ቢራውን የቀዳው፥ ኪራዩን የከፈለው ሰው ግን ስሙ አይነሣም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ይህን ልማድ ነው። ለምሳሌ የወሰድነውም በሎንዶን ከተማ፥ ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ በሰዘርክ የሚገኘውን ጆርጅ የተባለውን ቤት ነው። ስሙ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም መሆኑን አንባቢ ሳይነገረው ያውቀዋል። ዘመኖቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

ሰዘርክ ከሎንዶን ድልድይ ተነሥቶ ወደ ካንተርበሪ የሚሄደው መንገደኛ የሚያድርበት ሰፈር ነበር። ጆን ስቶው በ1598 ባሳተመው የሎንዶን መግለጫ ውስጥ የሰፈሩን ማደሪያዎች ሲዘረዝር ጆርጅንና ጎረቤቱን ታባርድን ጠቅሷል። ሁለቱም በ1676 በተነሣው የሰዘርክ እሳት ተቃጠሉ። ዛሬ የምናየው የጆርጅ ሕንፃ ከዚያ እሳት በኋላ የተሠራው ነው። ሼክስፒር ግን የሞተው በ1616 ነው። እንግዲህ በቀድሞው ቤት ጠጥቶ ይሆናል ማለት ይቻል እንደ ሆነ እንጂ፥ በዛሬው ጣሪያ ሥር ተቀመጠ ማለት ከቶ አይቻልም። ይህም ሆኖ ፒት ብራውን በ2012 የዚህን ቤት የስድስት መቶ ዓመት ታሪክ ሲያሳትም፥ በመጽሐፉ ርእስ ላይ ያወጣው የሼክስፒርን ስም ነው። ደራሲውን ብቻ አንወቅስም፤ ገበያው የሚጠይቀው የእንግዳውን ስም ነውና። ነገር ግን ርእሱ ራሱ ስለ ልማዱ ይመሰክራል።

ከዚህ ልማድ የወጣ አንድ ታላቅ ጸሐፊ አለ፤ እርሱም ቾሰር ነው። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የካንተርበሪን ተረቶች ስናነብ ዓይናችን በተሳላሚዎቹ ላይ ብቻ ያርፍ ነበር፤ መጠጥ ቤት የሚሸሽ ስፍራ እንጂ የሚጠና ነገር መሆኑን ማንም አልነገረንም። አሁን መልሰን ስናነበው ግን ጉባኤውን የሚመራው ፈረሰኛውም መነኵሴውም አይደለም፤ የታባርድ አሳዳሪ ሃሪ ቤይሊ ነው። ተረት የመንገሩን ሐሳብ የሚያመጣው፥ ዳኛ የሚሆነው፥ የሰከረውን የሚገሥጸው እርሱ ነው። ሽልማቱንም እንመልከት፤ ከሁሉ የበለጠ ተረት ለተናገረ ሰው ሌሎቹ ገንዘብ አዋጥተው ራት ያበሉታል፤ ራቱ የሚበላውም በራሱ በቤይሊ ቤት ነው! ቾሰር የነጋዴውን ብልሃት ሳይሰድብም ሳያሞግስም አሳየን። ከዚህም በቀር ሃሪ ቤይሊ የፈጠራ ሰው ብቻ አይደለም። በዚያው ዘመን ሄንሪ ቤይሊ የተባለ የሰዘርክ አሳዳሪ ነበረ፤ በ1376ና በ1378 ሰፈሩን ወክሎ በፓርላማ ተቀምጧል።

ወደ ጆርጅ እንመለስ። ከ1676 እሳት በኋላ ቤቱን እንደ ገና ያቆመው ንጉሥ ወይም ባለቅኔ አይደለም፤ ተከራይቶ ይሠራበት የነበረው ማርክ ዌይላንድ ነው። ስለዚህም ድካሙ የኪራይ ዘመኑ ተራዘመለት፥ ኪራዩም ተቀነሰለት። በ19ኛው መቶ ዓመት የምድር ባቡር መጥቶ የሠረገላውን ሥራ በገደለ ጊዜ ግቢው የባቡር ኩባንያ ንብረት ሆነ፤ በ1889ም ሁለቱ ክንፎች ፈረሱ። በቀረው በአንዱ ክንፍ እንግዳ መቀበላቸውን ያላቋረጡት እናትና ልጅ የሆኑ የመሪ ቤተ ሰብ ሴቶች ናቸው፤ ልጂቱ እስከ 1934 ድረስ ቤቱን ይዛለች። በ1937 ቤቱ ለብሔራዊ ቅርስ ጠባቂው ማኅበር ተሰጠ። ዛሬ በሎንዶን ከባለ ሰገነት ማደሪያዎች የቀረው እርሱ ብቻ ነው።

ምናልባት «የታላላቅ እንግዶች ዝና ባይኖር ማን ቤቱን ይጠብቀዋል?» የሚል ተቃዋሚ ይነሣ ይሆናል። መልሳችን ጎረቤቱ ታባርድ ነው። በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ከታባርድ የበለጠ ዝና ያገኘ መጠጥ ቤት የለም፤ ሆኖም ከእሳቱ በኋላ እንደ ገና የተሠራው ታባርድ በ1873 ፈረሰ፤ የቾሰር ስም አላዳነውም። ዲከንስ በሊትል ዶሪት ውስጥ በመንገዱ ብቻ የጠቀሰው ጆርጅ ግን ቆመ። ዝና ጎብኚ ያመጣል፤ ቤትን ግን የሚያቆመው በየማለዳው በሩን የሚከፍተው ሰው ነው። ደግሞም ያለ ሰው የቆመ ቤት ቢኖር ሕንፃ እንጂ መጠጥ ቤት አይባልም።

ይህ ነገር የሎንዶን ነገር ብቻ ሆኖ አይቅር። በአገራችን ጠጅ ቤት ብዙውን ጊዜ የሚጠራው በቅዱስ ወይም በአውሬ ሥዕል ሳይሆን «የእማማ እገሊት ቤት» እየተባለ ነው። ስለዚህ እኛ ከእንግሊዞች የምንሻልበት አንድ ነገር አለን፤ የአሳዳሪዋ ስም በሰው አፍ ላይ ነው። ነገር ግን በአፍ ያለ ስም ከቤቱ ጋራ ይፈርሳል። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፥ ድንጋዩና እንጨቱ በፎቶግራፍ ሲነሣ አይተናል፤ የጠጁን ጥንስስ ማን እንደ ጣለ፥ ዱቤውን ማን እንደ ቻለ፥ ቤቱን ከማን እንደ ወረሰች ሲጻፍ ግን እምብዛም አላየንም።

ስለዚህ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የሆንን ሁሉ፥ በዕረፍት ወራት ወደየሰፈራችን ስንሄድ ከሽማግሌዎቹ ጠጪዎች አስቀድመን አሮጊቶቹን አሳዳሪዎች እንጠይቅ እንላለን። ቾሰር ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ያደረገውን እኛ ዛሬ ማድረግ አያቅተንም።