ሚዛኑን የያዘው ገበሬ

የአይቮሪ ኮስቱ ፌሊክስ ኡፉዌ ቧኚ ስማቸው በተነሣ ቁጥር አንዱ «የፈረንሳይ አሽከር» ይላቸዋል፤ ሌላው «አገር ያበለጸጉ አስተዋይ» ብሎ ይክባቸዋል። እኔ ግን ሁለቱም አይዋጥልኝም። ሁለቱም ወገኖች ሰውየው ወደ ፖለቲካ የገቡት በእርሻ በር መሆኑን ይረሳሉ።

ኡፉዌ ዳካር ሕክምና ተምረው የሐኪም ረዳት ሆነው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1940 ቅኝ ገዢው በትውልድ አካባቢያቸው በያሙሱክሮ ባላባት አድርጎ ሾማቸው፤ በወረሱትም መሬት ላይ ቡናና ኮኮዋ አልምተው ከበሩ። ታዲያ መክበር ብቻውን ምን ያደርጋል? ለነጩ ገበሬ መንግሥት የግዳጅ ሠራተኛ ይመለምልለታል፤ ለምርቱም የተሻለ ዋጋ ይከፍለዋል። ጥቁሩ ደግሞ የራሱን ማሳ ጥሎ የነጩን ኮኮዋ እንዲለቅም ይነዳል። ኡፉዌ በ1944 የአፍሪካውያን ገበሬዎች ማኅበር አቋቋሙ። በ1945 ለፓሪስ ምክር ቤት ተመረጡ፤ በሚያዝያ 1946 ደግሞ የግዳጅ ሥራን የሻረው ሕግ ወጣ። ሕጉ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ለእኔ ትልቁ ሥራቸው ይሄ ነው፤ በኋላ የፈረንሳይ ሚኒስትር መሆናቸው አይደለም።

ወቀሳዬ የሚጀምረው ከነፃነት በኋላ ነው። ከ1960 ጀምሮ በ1993 እስኪሞቱ ድረስ አገሪቱን መሩ። የኮኮዋውን ዋጋ የሚቆርጠው የመንግሥት ድርጅት ነበር፤ ዓለም ከከፈለው ላይ ለገበሬው የተወሰነውን ሰጥቶ ቀሪውን ያስቀራል። በዚያ ገንዘብ መንገድ ተሠርቷል፣ አቢጃንም አምሮባታል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ሆኖም የዓለም ዋጋ ሲወድቅ፣ በ1989 የገበሬው ክፍያ በግማሽ ያህል ተቀነሰ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1990፣ ያሙሱክሮ ላይ የተሠራውን ግዙፍ ባዚሊካ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ መጥተው ባረኩ። ኡፉዌ «ከራሴ ኪስ ነው» አሉ። ይሁን! ግን የእሳቸውን ኪስና የመንግሥትን ካዝና ለይቶ የሚቆጥር ማን ነበር?

እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። ለእሳቸው ግን ተረቱ አይገጥምም፤ ሳይሾሙም የሚበሉት ነበራቸው። ችግሩ ጠያቂ መጥፋቱ ነው። በ1944 ገበሬው ገዢውን የሚሞግትበት ማኅበር ነበረው፤ የመሠረቱለትም እሳቸው ነበሩ። በ1989፣ በአንድ ፓርቲ አገር፣ ዋጋው ሲቀነስበት ለማን አቤት ይበል? ለዚያው ለድሮው የማኅበሩ ሊቀመንበር?