ምጣድና ኖዝል

ኅዳር ላይ ዘንገና ሐይቅ ዳር ያደረ ናፍጣ መኪና በማለዳ በአንድ ቁልፍ አይነሳም። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ያድራል፣ ባትሪውም በብርዱ ይደክማል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ብልጭታ የሚያቀብለው የለም። ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ ያግለዋል፤ በጋለው አየር ላይ ኖዝሉ ነዳጁን እንደ ጉም ሲረጨው እሳቱ ከዚያው ይነሳል። ብርዱም ከፍታውም የሚቀንሱት ይህንኑ ግለት ነው። ስለዚህ በአዊ ምድር ናፍጣ ሞተር የሚጠግን ሰው ከሁሉ በፊት የሙቀትን ነገር ይማራል። እኔም እንጅባራ ላይ ጋራዥ ከፍቼ ሠላሳ ዓመት ገደማ የተማርኩት በአብዛኛው እሱኑ ነው።

ናፍጣ ከማደያ በጠፋበት አንድ ሰሞን፣ ገና ሳይነጋ አንድ ነጋዴ ደንበኛዬ ደወለ። «ጋሼ፣ ዘንገና ላይ ቆሜያለሁ። ማታ በደኅና አምጥታኝ ነበር፤ አሁን እንቢ አለች» አለኝ። መኪናው 1ኤችዜድ ሞተር ያላት አሮጌ ላንድክሩዘር ናት። ቁልፌን ይዤ ሄድኩ። ለማስነሻ ሲሊንደሩን የሚያሞቁት ካንዴላዎች ይግላሉ፣ ሞተሪኖውም ይዞራል፤ ነዳጅ ግን ፖምፓው ጋ አይደርስም። ፊልትሮውን ስፈታው ውስጡ ነጭ ነገር ረግቷል። በጣቴ ዛቅ አድርጌ መዳፌ ላይ ሳሸው ቀለጠ። በክረምት ከጄሪካን አልወርድ ብሎ እሳት ዳር የምናስጠጋው የፓልም ዘይት ነበር።

«ግማሽ በግማሽ ቀላቅዬበት ነው» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «ፈረንጆቹ ሲነዱበት በቪዲዮ አይቻለሁ። ዘይት ያው ይነዳል ብዬ እኮ ነው ጋሼ።»

«አይዞህ ወንድሜ፣ ሐሳብህስ ልክ ነበር። የረሳኸው ብርዱን ነው» አልኩት።

ሐሳቡ በእርግጥም ልክ ነው፤ ዕድሜውም ከሞተሩ ዕድሜ ብዙ አያንስም። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የኦቶ ኩባንያ ያቀረበው አንድ ትንሽ የዲዝል ሞተር የሠራው በለውዝ ዘይት ነው። ይህን የፈለገው የፈረንሳይ መንግሥት ነበር፤ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ለውዝ ስለሚበቅል፣ ከሰልና ነዳጅ ከሩቅ ሳይጫን እዚያው ከበቀለው ኃይል ለማግኘት አስቦ። ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ ኋላ እንደጻፈው ሞተሩ ምንም ሳይለወጥ በዘይቱ ሠርቷል፤ ነገሩን ልብ ያሉትም ጥቂቶች ብቻ ነበሩ።

ያ ሞተር ግን ቀስ ብሎ የሚዞር ነበር። ዘመዶቹን ዛሬም በገጠር ታገኟቸዋላችሁ። መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ እህል የሚፈጨው አሮጌው ሊስተር በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ድምፁን ከአንድ ተራራ ማዶ ሆናችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። እንዲህ ያለው ሞተር ነዳጁን ለማቃጠል ጊዜ አለው። የመኪና ሞተር ግን በደቂቃ ሦስትና አራት ሺህ ጊዜ እየዞረ፣ ወፍራም ዘይት ስታጠጡት በቂ ጊዜ አያገኝም።

ቁም ነገሩ ውፍረቱ ላይ ነው። የተክል ዘይት በ40 ዲግሪ ሙቀት ከናፍጣ አሥር እጥፍ ያህል ይወፍራል። ኖዝሉ እንደ ጉም መርጨት ሲገባው እንደ ውሃ ቱቦ ያፈሰዋል፤ ሳይቃጠል የቀረው ጠብታ ፒስተኑ ላይ ያርፋል፣ በፒስተኑ ፋሻዎች አልፎም የሞተር ዘይት ወደሚጠራቀምበት ኮፓ ይወርዳል። ዘይቱ ወደ 70 እና 80 ዲግሪ ሲሞቅ ይቀጥንና ለናፍጣ ይቀርባል። አውሮፓ ውስጥ በዘይት የሚነዱ ሰዎች ሁለት የነዳጅ ታንክ የሚያስገጥሙት ለዚህ ነው። በናፍጣ ያስነሳሉ፤ ሞተሩ ሲሞቅ የራዲያተሩ ሙቅ ውሃ በሁለተኛው ታንክ ውስጥ ባለፈ ቱቦ እየዞረ ዘይቱን ያሞቃል፣ ከዚያ ወደ ዘይቱ ይቀይራሉ። ከመቆማቸው በፊት ደግሞ ወደ ናፍጣ ይመለሱና ፖምፓውን ያጥባሉ።

የፖምፓው ዓይነትም ትልቅ ጉዳይ ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ፕለንጀር በረድፍ የቆመለት የድሮ ፖምፓ፣ በራሱ የሞተር ዘይት የሚለሰልስ ስለሆነ ወፍራም ነዳጅ ይችላል። ነዳጁን በአንድ ዘንግ እየዞረ የሚያከፋፍለው ፖምፓ ግን የሚለሰልሰው በነዳጁ በራሱ ነው፤ ቀዝቃዛ ዘይት ሲገባበት ይደርቃል፣ ዘንጉም ሊሰበር ይችላል። የደንበኛዬ ላንድክሩዘር የዚህ ዓይነት ፖምፓ ነበራት። ፊልትሮው ቀድሞ ባይዘጋ ኖሮ ያን ጠዋት የምናወራው ስለ ፖምፓ ዋጋ ነበር። የዛሬዎቹ በኮምፒውተር የሚታዘዙ፣ ከሺህ ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጩ ሞተሮችማ ጨርሶ አይሞከሩም።

ይህን ሁሉ የምለው እጄን ስላስገባሁበት ነው። በራሴ አሮጌ ፒክአፕ ላይ ሁለተኛ ታንክ ገጥሜ ነበር። ድንች ከሚጠብሱና ቦንቦሊኖ ከሚያወጡ ቤቶች የተጣለ ዘይት እሰበስባለሁ። በበርሜል ለሁለት ሳምንት ይሰክናል፤ ከላይ ያለውን ቀድቼ በነጠላ፣ ቀጥሎ በናፍጣ ፊልትሮ አጠልለዋለሁ። ውሃ እንዳለበት የምፈትነው በመጥበሻ ነው፤ መጥበሻውን አግዬ አንድ ማንኪያ ጠብ ሳደርግበት ከተንጣጣ ውሃ አለበት፣ ዝም ካለ ጸድቷል። ውሃ ያለበት ዘይት ፕለንጀሩን ያዝገዋል። ወደ ዳንግላ ስሄድ ሞተሩ እስኪሞቅ በናፍጣ፣ ከዚያ በዘይት እነዳለሁ። ኃይሉ ትንሽ ይቀንሳል፣ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ የጥብስ ቤት ሽታ አለው። ልጆች ተከትለው ይሮጡ ነበር።

ከወራት በኋላ ኖዝሎቹን ፈትቼ አየሁ። ሦስቱ ደኅና ናቸው። አራተኛው ጫፉ ላይ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ለብሷል፤ በቢላ ስፍቀው አይለቅም፣ በናፍጣ ስነክረው አይሟሟም። ይህን ነገር የት እንደማውቀው እዚያው ትዝ አለኝ። የእናቴ ምጣድ ላይ ነው።

እናቴ አዲስ ምጣድ ስታሟሽ ከጎኗ ሆኜ አይቻለሁ። ኑጉን ቆልታ ትወቅጠዋለች፤ በጨርቅ ቋጥራ በጋለው ምጣድ ላይ እያሸች ጭሱ እስኪያስለቅሳት ትደጋግመዋለች። ቀይ የነበረው ሸክላ ቀስ በቀስ ይጠቁራል፣ ያብረቀርቃል፣ ከዚያ በኋላ እንጀራው አይዝበትም። ዘይቱ በሙቀትና በአየር ተሳስሮ ጠጥሯል ማለት ነው። ኬሚስቶች ምክንያቱን ያውቁታል። የኑግ ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ስብ ነው፤ በኢትዮጵያ ኑግ ውስጥ እስከ ሦስት አራተኛው ሊደርስ ይችላል። ይህ ስብ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ እርስ በርሱ ይያያዛል። ጀርመኖች ለሞተር የሚሆን የአውሮፓውን የጎመን ዘር (ሬፕሲድ) ዘይት ደረጃ ሲያወጡ የዚህ ባሕርይ መለኪያ የሆነውን የአዮዲን ቁጥር ከ125 እንዳይበልጥ ወስነዋል። የኑግ ዘይት ከዚያ ይበልጣል።

እንግዲህ ምጣዱን የሚያለሰልሰው ያው ነገር ኖዝሉን ይዘጋል። የከፋው ደግሞ ኮፓ ውስጥ ሲገባ ነው። አንድ ባለወፍጮ ናፍጣ ሲያጣ የኑግ ዘይት አተላ አጥልሎ ለሦስት ወር ያህል ሠራበት። ሞተሩ ሲያቃስት ጠርቶኝ ሄድኩ። ኮፓውን ሳወርደው የሞተር ዘይቱ እንደ ተመታ አብሽ ሆኗል፤ በእጄ ሳነሳው ይሳባል። ፋሻዎቹ ከፒስተኑ ጋር ተጣብቀዋል፣ የዘይት መንገዶቹ ተደፍነዋል። ቴስታታውን ፈትተን፣ ሁሉን አጥበን፣ ፋሻና ኩሽኔታ ቀይረን አስነሳነው፤ ያን ዓመት የፈጨበት ገንዘብ ግን ለዚሁ አለቀ።

ከእናቴ ቤት ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። ምጣዱ ከተሟሸ በኋላ በየእንጀራው መካከል የምታስሰው በጎመንዘር ነበር። ጎመንዘር የራሳችን ተክል ነው፤ ዓለም በሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ፣ በተለምዶም የኢትዮጵያ ሰናፍጭ ይለዋል። ቅጠሉን እንበላለን፣ ፍሬውን ለማሰሻና ለመድኃኒት እናስቀምጣለን። ነባሩ ዝርያ ኤሩሲክ አሲድ ስለሚበዛበት ዘይቱ ለምግብ እምብዛም አይመረጥም፤ እንደ ኑግ ቶሎ የመጠጠር ባሕርይ ግን የለውም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ፋልኮን 20 ጄት ያበረረው ሙሉ በሙሉ ከዚህ ተክል በተሠራ ነዳጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መግቢያ ላይ ደግሞ የካንታስ አውሮፕላን ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ሲበር 10 በመቶ ያህሉ ነዳጅ ከጎመንዘር የመጣ ነበር። ዜናውን ስሰማ የእናቴ የምጣድ ዳር ጨርቅ ትዝ አለኝ፤ ደስታም ቁጭትም ተሰማኝ። ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያዎቹን ሲያሻሽል ኖሯል፤ እኛ ጋ ግን ከጓሮ አልፎ ወደ ሞተር የደረሰ አላየሁም። አገራችን የባዮፊውል ስትራቴጂ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ጃትሮፋ፣ ጉሎ፣ ኢታኖል ሲባል ሰምተናል፤ ሆኖም ከማደያ ባዮዲዝል ቀድቶ የመጣ መኪና ጠግኜ አላውቅም።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከመቶ ኪሎ ኑግ ውስጥ ዘይቱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው፤ ትንሽ መጭመቂያ ሁሉንም አያወጣውም፣ 30 ሊትር ብታገኙ ጥሩ ነው። ከዚህ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ጭኖ አዲስ አበባ የሚወርድ አይሱዙ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል፤ 80 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ይህ ወደ ሦስት ኩንታል ኑግ ነው፤ የአንድ ገበሬ የአንድ ጥማድ መሬት የዓመት ምርት ለአንድ ጉዞ፣ ለመሄጃው ብቻ! ያውም በመስከረምና በጥቅምት ቢጫ አበባው የዳንግላን ሜዳ የሚያለብሰው ኑግ። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ተመርቆልናል፤ ያም ሆኖ አገሪቱ የምትበላውን ዘይት አብዛኛውን ከውጭ ትገዛለች። በሊትር ከናፍጣ የሚወደድ ዘይት ወደ መኪና ታንክ የሚጨምር ሰው ተቸግሮ ነው እንጂ አትርፎ አይደለም።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። የሚበላ ዘይት፣ በተለይ ኑግ፣ ለወጥና ለምጣድ ይቅር። ፓልሙን በእኛ ብርድ አትሞክሩት። የተጣለ የጥብስ ዘይት ያለው፣ ባለረድፍ ፖምፓ አሮጌ መኪና ያለው፣ ሁለት ታንክ አስገጥሞ የሞተር ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ለመቀየር የቆረጠ ሰው ይምጣ፤ እገጥምለታለሁ።

ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም አንድ ልመና አለኝ። ለእህል በማይመች መሬት ላይ አንድ ጥማድ ጎመንዘር ዝሩ። ጭመቁትና በአንድ አሮጌ ሊስተር ወፍጮ ላይ ለ500 ሰዓት እንሞክረው፤ በየ100 ሰዓቱ ኖዝሉን ፈትተን እንመዝን፣ የኮፓውን ዘይት እንይ። የኖዝል መሞከሪያው እኔ ጋ አለ፤ ቴስታታውን የምፈታውም እኔ ነኝ፣ ገንዘብ አልጠይቅም።