አሠሪና ሠሪ፤ ስለ ነሐስ ሐውልት ትእዛዝ የቀረበ ሒስ

ስለ ነሐስ ሐውልት የሚጻፈው ሒስ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ስም ይጀምርና በዚያው ስም ይፈጸማል። የኪነ ጥበብ ሊቃውንት የጻፉት እንደ ሆነ ስሙ የቀራጺው ነው፤ የታሪክ ሊቃውንት የጻፉት እንደ ሆነ ግን ስሙ ሐውልቱን ያሠራው ንጉሥ ወይም መንግሥት ነው። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት የእውነቱን እኩሌታ ብቻ ነው። ሠዓሊ ገዢ ሳይኖረው በገዛ ፈቃዱ ሊሥል ይችላል፤ ባለቅኔም ማንም ሳይጠይቀው ይቀኛል። ታላቅ የነሐስ ሐውልት ግን ማዕድኑ፣ ምድጃው፣ የብዙ ሰው ጉልበቱና የሚቆምበት ስፍራ ከአንድ ሠራተኛ አቅም በላይ ስለ ሆነ፣ ያለ አሠሪ አይወለድም ለማለት ይቻላል። ሐውልቱ ለዓይን ከመታየቱ አስቀድሞ በአሠሪና በሠሪ መካከል ውል ነበረ። ሒስም መጀመር የሚገባው ከዚህ ውል ነው።

ጥንታዊው የአሠራር ዘዴ ራሱ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሠሪው አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ ጭቃው በእሳት ሲጋገር ሰሙ ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል፤ በቀረውም ባዶ ስፍራ የቀለጠው ማዕድን ይፈስሳል። በሰሙ ጊዜ አፍንጫ ሊረዝም፣ ክንድ ሊታጠፍ፣ ጠቅላላው ሐሳብ ሊለወጥ ይችላል፤ ማዕድኑ ከፈሰሰ በኋላ ግን የሚታረመው ጥቂት ነው። የአገራችን የቅኔ መምህራን «ሰምና ወርቅ» የሚሉት ስያሜ ከዚሁ ከአንጥረኛው ሥራ የተገኘ ነው። የትእዛዝም ነገር እንዲሁ ነው። አሠሪ ሐሳቡን ሊናገር የሚችለው በሰሙ ዘመን ነው፤ በወርቁ ዘመን ሐውልቱ የተመልካቹ ሕዝብ ይሆናል።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም ከፈረንሳይ ታሪክ አንድ ምሳሌ ያስረዳል። የፈረንሳይ የጸሐፍት ማኅበር እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1891 የደራሲውን የባልዛክን ሐውልት እንዲሠራ ኦጉስት ሮዳንን አዘዘ። ቀራጺው ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ በ1898 የጄሶውን ቅርጽ ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ማኅበሩ «ያዘዝነው ይህን አይደለም» በሚል መንፈስ ሥራውን አልቀበልም አለ። ሮዳንም የተቀበለውን ገንዘብ መልሶ ሥራውን ለራሱ አስቀረ። ያው ቅርጽ በነሐስ ፈስሶ በፓሪስ አደባባይ የቆመው ቀራጺው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1939 ነው። አሠሪው ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የተሳሳተው ማዕድኑ ሳይፈስስ በመሆኑ የጠፋ ነገር አልነበረም።

ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ይህን ውል በጠነከረ ሥርዓት ይዛው የኖረችው በዛሬው የናይጄሪያ ምድር የምትገኘው ቤኒን ናት። በዚያ የነሐስ ሠሪዎቹ ማኅበር ኢጉን ኤሮንምዎን የሚባል ሲሆን፣ የራሱ ሠፈርና የራሱ ሹማምንት ነበሩት፤ ሥራውም ኦባ ለሚባለው ንጉሥ የተጠበቀ ነበር። በአፈ ታሪካቸው እንደሚነገረው ጥበቡን ያመጣው ኢጉዌጋ የሚባል ሰው ነው፤ እርሱንም የቤኒን ኦባ ከኢፌ ከተማ አስመጣው ይባላል። አዲስ ኦባ በነገሠ ጊዜ ለአባቱ መሠዊያ የሚሆን የራስ ቅርጽ ያሠራል። ይህ ቅርጽ የሟቹን መልክ አያሳይም፤ የሚያሳየው የዛጎል ድንጋይ ጉትቻውን፣ እስከ አገጭ የሚደርሰውን የዶቃ አንገትጌና የማዕረጉን ቆብ ነው። አሠሪው የጠየቀው መልክ ሳይሆን ማዕረግ ነበርና። ስለዚህ «መልኮቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ» ብሎ የሚነቅፍ ሐያሲ ያልተጠየቀውን ጥያቄ አልመለሰም ብሎ ሠሪውን እንደ መውቀስ ያለ ስሕተት ይፈጽማል።

በ1897 የእንግሊዝ ጦር ቤኒንን በያዘ ጊዜ ብዙ ሺህ ዕቃ ተዘርፎ ወደ አውሮጳ ተወሰደ፤ ኦባ ኦቮንራምዌንም ወደ ካላባር ተግዞ በዚያው በ1914 ሞተ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የሙዝየም ሰዎች ሥራዎቹን «ብሮንዝ» ብለው ጠሯቸው፤ ብዙዎቹ ግን መዳብና ዚንክ የተቀላቀለባቸው ናስ ናቸው። ከስሙ ስሕተት የሚበልጠው ግን ሥራዎቹ ከአሠሪያቸው ተለይተው በመስታወት ሣጥን ውስጥ መቀመጣቸው ነው። ውሉ ጠፍቶ ዕቃው ብቻ ቀረ። በ1914 የነገሠው ዳግማዊ ኤዌካ ማኅበሩን መልሶ ሲያቋቁም፣ ሠሪዎቹ ለሌላ ሰውም እንዲሸጡ ተፈቀደ። በ2022 ጀርመን ከዘረፋው የተገኙ ሥራዎችን መመለስ ስትጀምር፣ የተመለሰው ማዕድን ብቻ ሳይሆን ያ የተቋረጠ ውል ጭምር ነው ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የናይጄሪያ ምሳሌ የትእዛዙን አቅጣጫ ይገለብጠዋል። ቤን ኤንዎንዉ የኦኒቻ ሰው፣ የእንጨት ቀራጺ ልጅ፣ በለንደንም የተማረ ቀራጺ ነበር። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ ናይጄሪያን በ1956 ከጎበኘች በኋላ የንግሥቲቱን የነሐስ ምስል እንዲሠራ ታዞ፣ በ1957 ንግሥቲቱ ራስዋ ፊቱ ተቀምጣለት ሠራ። ሥራው በለንደን በታየ ጊዜ አንዳንድ የእንግሊዝ ተመልካቾች «ከንፈርዋን የአፍሪካዊት ከንፈር አድርጎታል» ብለው ነቀፉት። ይህ ነቀፌታ ሳያውቀው ትልቅ ነገር ይመሰክራል። የአውሮጳ ቀራጾች የአፍሪካን ነገሥታት በአውሮጳ ፈረስ ላይ ሲያስቀምጡ «ዓይናቸው እጃቸውን መራው» ብሎ የወቀሳቸው ሰው ብዙ አልነበረም፤ አፍሪካዊው ቀራጺ ግን እንደዚያው በገዛ ዓይኑ ባየ ጊዜ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረበት። በማንኛውም ትእዛዝ የሠሪው ዓይን ይገባል፤ ጥያቄው የማን ዓይን ይፈቀዳል የሚለው ነው።

በዚህ መመዘኛ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ይነሣል። የቤተ ክርስቲያን የመጾር መስቀሎች በሰም ዘዴ ከነሐስና ከናስ ሲሠሩ ብዙ ዘመን ባስቈጠሩበት አገር፣ የአደባባይ ሐውልት ሥራ ለምን ለውጭ አገር ሰው ተሰጠ? የምድጃና የመሣሪያ ማነስ አንዱ ምክንያት መሆኑ አያጠራጥርም። ሌላው ምክንያት ግን በማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ ይገኛል። በቤኒን ነሐስ ሠሪው ባለማዕረግ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ እጁ ይፈለጋል፤ ማዕዱ ግን ይሸሻል። ዐፄ ቴዎድሮስ ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን ባሠሩ ጊዜ ትእዛዙን የተቀበሉት በጋፋት የተቀመጡ አውሮጳውያን ነበሩ። ዐፄ ምኒልክም የእጅ ሠራተኛን መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። ሆኖም የአዋጁ ባለቤት የሆኑት ንጉሠ ነገሥት ራሳቸው በነሐስ ሲሠሩ፣ የሠራቸው የኢትዮጵያ አንጥረኛ ሳይሆን ሄርተል የተባለው ጀርመናዊ ነው።

ይህ ሐውልት በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ተመረቀ። ሁለት እግሩን አንሥቶ የሚዘል ፈረስ ከአውሮጳ የአደባባይ ቅርጾች የተወረሰ ነው፤ ካትሪን ሁለተኛ በፋልኮኔ እጅ አሠርታ በ1782 በፔተርቡርግ ያቆመችው የታላቁ ጴጥሮስ ፈረስ የታወቀ ምሳሌው ነው። ስለዚህ ሐውልቱን በቅርጹ ብቻ የሚመዝን ሰው «የተዋሰ ነው» ቢል አይሳሳትም። ነገር ግን የአዲስ አበባ ሰው ያየው ፔተርቡርግን አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ፈረሰኛውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያይ ያደገ፣ ዐድዋም ድል የተደረገው የካቲት 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ መሆኑን የሚያውቅ ሕዝብ፣ የተዋሰውን ፈረስ በራሱ ሥዕል አነበበው። የጠላት መንግሥት አገሩን በያዘ ጊዜ ሐውልቱን አንሥቶ መቅበሩ፣ ከነጻነትም በኋላ ወደ ስፍራው መመለሱ፣ ይህ ንባብ ምን ያህል ኃይል እንደ ነበረው ያሳያል። የሐውልቱን ትርጉም ያጸናው አሠሪውም ሠሪውም ሳይሆን ሦስተኛው ወገን፣ ተመልካቹ ነው።

የውጭ ሰው እጅ ሁልጊዜ ከነገሩ የራቀ ነው ማለት ግን አይደለም። በስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 መታሰቢያ የነሐስ ገጾች የዩጎስላቪያ ቀራጾች የአንቱን አውጉስቲንቺችና የፍራኖ ክርሺኒች ሥራ ናቸው። የእነርሱ አገርም በ1941 በፋሺስትና በናዚ ጦር ተይዛ ሕዝብዋ በጅምላ የተገደለባት ናት። በገጾቹ ላይ የሬሳው ክምርና የልቅሶው ሰልፍ ከሩቅ የተሰማ ወሬ አይመስልም። አሠሪው የጠየቀውን ሐዘን ሠሪው አስቀድሞ በቤቱ አይቶታልና፣ ውሉ ከወረቀት በላይ ሆነ።

በአንጻሩ የዚያው የአውጉስቲንቺች ሥራ የሆነው በሐረር ከተማ የነበረው የራስ መኰንን ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሁከት ጊዜ ተገርስሶ ወደቀ። እዚህ ላይ በሠሪው ችሎታ ላይ የሚነሣ ወቀሳ የለም፤ ፈረሱም ፈረሰኛውም በጥሩ እጅ የተሠሩ ነበሩ። የማፍረሱ ሥራ ትክክል ነው ለማለትም አይቻልም፤ የወደቀ ነሐስ ስለ ታሪክ መከራከሪያ ከመሆን ይልቅ ክርክሩን ይዘጋል። ሆኖም ሐውልቱ አንድ ነገር አስተምሮ አልፏል። በሐውልቱ ፊት የሚኖር ሕዝብ በሰሙ ዘመን ካልተጠየቀ፣ መልሱን በወርቁ ዘመን ይሰጣል፤ ያን ጊዜም መልሱ በቃል ላይሆን ይችላል።

ዛሬ የትእዛዙ ሁኔታ እየተለወጠ ነው። በ2019 በአፍሪካ ኅብረት ቅጥር ግቢ የተመረቀውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሐውልት የሠራው ኢትዮጵያዊው ቀራጺ በቀለ መኰንን ነው። ይህ የሚያስመሰግን እርምጃ ቢሆንም፣ የሠሪው ዜግነት ብቻውን መልካም ሥራ ዋስትና እንደማይሆን ከላይ የተነሡት ምሳሌዎች አሳይተዋል። ሐውልት የሚያሠራ ማዘጋጃ ቤት፣ ደብር ወይም ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ ሦስት ነገር በውሉ ቢያስገባ ይበጃል። አንደኛ፣ የሰሙ ወይም የጄሶው ቅርጽ ማዕድኑ ሳይፈስስ በሚቆምበት ስፍራ ለሕዝብ ይታይ፤ አስተያየቱም ይሰማ። ሁለተኛ፣ ትእዛዙ የሚፈልገው መልክ፣ ማዕረግ ወይም የታሪክ ሥራ መሆኑ ተለይቶ ይጻፍ፤ ሠሪው ባልተጠየቀው እንዳይወቀስ። ሦስተኛ፣ የሠሪውና የአቅላጮቹ ስም ከአሠሪው ስም ጋር በመቆሚያው ድንጋይ ላይ ይቀረጽ። የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ የተነገረው የእጅ ሠራተኛ ክብር በድንጋይ ላይ ሳይጻፍ እስከ ዛሬ የቆየው በዚሁ ስፍራ ነው።