ጸናጽል በብሉቱዝ

አዲስ ኤርፎን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ባሱን ይፈትናል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ፣ ገና ብሉቱዙን እንዳገናኘ ከበሮው ደረት የሚደልቅ ዘፈን ይከፍትለታል። ስቱዲዮ ውስጥ የኖረ ባለሙያ ግን የማኅሌት ቅጂ ይመርጣል፤ በተለይም ጸናጽሉ ከከበሮው ጋር የሚፈጥንበትን ቦታ።

ምክንያት አለው። ጸናጽል እንደ ዋሽንት አንድ የጠራ ኖታ የለውም። ቀጫጭኖቹ ብረቶች በተጋጩ ቁጥር ድምፁ በላይኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ በሰፊው ይበተናል፤ ከአፍታ አፍታም መልኩን ይለውጣል። ብሉቱዝ ደግሞ ድምፅን ጨምቆ ነው የሚልከው። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይወስዳል፤ ሙዚቃ የሚያጫውት የብሉቱዝ ማዳመጫ ሁሉ የሚያውቀው ኤስቢሲ የተባለው ኮዴክ ግን በተለመደው ከፍተኛ ጥራቱ እንኳ የሚልከው 328 ኪሎቢት ያህል ነው። ድምፁን በባንድ ከፋፍሎ ለየባንዱ የቢት ድርሻ ያከፋፍላል። ለአንድ ድምፃዊና ለአንድ ክራር ይህ ይበቃል። ጸናጽሉ፣ ከበሮውና የመዘምራኑ ድምፅ ባንድነት ሲመጡ ግን ድርሻው ያጥራል፤ የብረቱ ጥራት ወደ “ሽሽ” ይጠጋል። በገናም ሌላው ፈተና ነው። በጅማቱና በድልድዩ መካከል የሚገቡት የቆዳ ቁራጮች ለወፍራሙ ድምፅ የሚነዝር ጠርዝ ይሰጡታል፤ ቢት ሲያጥር የሚጎዳው ይህ ጠርዝ ነው።

እዚህ ላይ ግን ማጋነን ይበዛል። ይህን ልዩነት ለመስማት ጥሩ ሄድፎን፣ ጸጥ ያለ ክፍልና የሚፈልገውን የሚያውቅ ጆሮ ያስፈልጋል። ሶኒ ያወጣው ኤልዳክ የተባለው ኮዴክ በሰከንድ እስከ 990 ኪሎቢት ይልካል ቢባልም፣ በዋይፋይና በሌላ ብሉቱዝ በተጨናነቀ ቦታ፣ ስልኩ ፍጥነቱን ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ፣ ወደ 330 ይወርዳል። በካርቶኑ ላይ ደምቆ የተጻፈው ቁጥር መንገድ ላይ አብሮ አይሄድም።

ከኮዴኩ ይልቅ ድምፁን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ያለችው ጎማ ናት። ጎማዋ የጆሮን ቀዳዳ በደንብ ካልዘጋች ባሱ ያመልጣል፤ ይህ ለባለገመዱም ለገመድ አልባውም እኩል ነው። በካርቶኑ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሦስት መጠን ይመጣል፤ አብዛኛው ገዢ ተገጥሞ በመጣው መካከለኛው ይቀጥላል፤ ከዚያም “ድምፁ ቀጭን ነው” ብሎ ያማርራል። ሄድፎን ላይ ደግሞ የመነጽር ዘንግ ተመሳሳይ ክፍተት ይፈጥራል።

ገመዱ በግልጽ የሚሸነፈው ጫጫታ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኢንጂነሩ አማር ቦዝ ከዙሪክ ሲበር የአውሮፕላኑ ሞተር ሙዚቃውን ስለዋጠበት፣ ጫጫታን በተቃራኒ ድምፅ የማጥፋትን ስሌት እዚያው መቀመጫው ላይ ጀመረ፤ ኩባንያው በ1989 ለአብራሪዎች የሚሆን ማዳመጫ አወጣ። ጫጫታን የማጥፋቱ ሥራ ማይክሮፎን፣ ስሌት የሚሠራ ቺፕና ኃይል ይጠይቃል። ባትሪና ቺፕ አስቀድሞ የያዘው ገመድ አልባ ማዳመጫ ለዚህ የተመቸ ነው። ጥቅሙም የቅንጦት አይደለም። ሚኒባስ ውስጥ ተራ ኤርፎን ያደረገ ተሳፋሪ ሞተሩንና ረዳቱን ለማሸነፍ ድምፁን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ሦስት ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 90 ዴሲቤል ላይ የሚቀረው በሳምንት አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ከቤት ወደ ሥራ የሚመላለስ ሰው በሁለት በሦስት ቀን ይጨርሰዋል።

ስቱዲዮ ውስጥ ግን ገመዱ አልተነቀለም። ጉዳዩ ከጥራት ይልቅ የጊዜ ነው። በብሉቱዝ የሚላክ ድምፅ ተጨምቆ፣ ተከፋፍሎ፣ ተልኮና ተፈትቶ ጆሮ እስኪገባ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። 200 ሚሊሰከንድ ማለት ክራር መቺውን 70 ሜትር ገደማ ርቆ እንደ መስማት ነው፤ ድምፅ በአየር ውስጥ ያን ያህል ርቀት ለመሄድ የሚወስድበት ጊዜ ይኸው ነው። ቪዲዮ ሲታይ ስልኩ ምስሉን ስለሚያዘገየው አይታወቅም። ሙዚቃውን እየሰማች የምትቀዳ ድምፃዊት ግን የራሷን ድምፅ ዘግይቶ ስትሰማው ምቷን ትስታለች። ስለዚህ የሚሰጣት ጀርባው የተዘጋ ባለገመድ ሄድፎን ነው፤ መዘጋቱም ምቱን የሚቆጥርላት ክሊክ ወደ ማይክሮፎኑ እንዳያፈስ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ወጥመድ አለ። ብሉቱዝ ማዳመጫ የራሱን ማይክሮፎን ሲከፍት በተለመደው አሠራር ሙዚቃ የሚልክበትን መንገድ ትቶ ወደ ስልክ ጥሪ መንገድ ይገባል፤ ስቴሪዮው ወደ ሞኖ ይለወጣል፣ ናሙናው በሰከንድ ወደ 8 ወይም ወደ 16 ሺህ ይወርዳል። ውድ ሄድፎን ገዝቶ ኮምፒዩተር ላይ ስብሰባ የገባ ሰው ድምፁ የቆርቆሮ የሆነበት ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መስሚያው ብሉቱዝ ሆኖ ይቀጥል፣ ማይክሮፎኑ ግን የኮምፒዩተሩ ይሁን።

ስለ ምቾት የሚወራው ብዙውን ጊዜ ስለ ገመድ መጠላለፍ ነው። ገመዱ ግን ከዚያ የባሰ ዐመል አለው፤ ነጠላ ወይም የሹራብ አንገት በነካው ቁጥር ፍትጊያውን በቀጥታ ወደ ጆሮ ያስገባል። ገመድ አልባዎቹ ትናንሽ ኤርፎኖች ይህ የለባቸውም፤ ክብደታቸውም ለየጆሮው ጥቂት ግራም ነው። በምትኩ ጆሮውን አጥብቀው ሲዘጉ የራስ እርምጃና ማኘክ ከውስጥ ይንጎደጎዳል። ትልልቆቹ ደግሞ ሊከብዱ ይችላሉ፦ የአፕል ኤርፖድስ ማክስ 385 ግራም ገደማ ሲሆን፣ በስቱዲዮ የተለመደው ባለገመዱ የሶኒ ኤምዲአር 7506 ግን 230 ግራም ነው። ልዩነቱ በመጀመሪያው ዘፈን አይታወቅም። የሚታወቀው ሲውል አናት ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ገመድ አልባውን የሚንቅ ሚክስ ሠሪ ለሥራው አያስብም። የያማሃ ኤንኤስ 10 ስፒከር እ.ኤ.አ. በ1978 ለቤት ተብሎ ወጥቶ በዓለም ስቱዲዮዎች የነገሠው ቆንጆ ስለሚሰማ አይደለም፤ የሚክሱን ጉድለት ስለማይደብቅና እዚያ ላይ ጥሩ የሆነ ሌላውም ቦታ ጥሩ ስለሚሆን ነው። የዛሬ አድማጭ ዘፈኑን የሚያገኘው በአብዛኛው በስልክና በርካሽ ብሉቱዝ ነው። ስለዚህ ሚክሱ በገመድ ይሠራል፣ ከመላኩ በፊት ደግሞ በዚያ ርካሽ ኤርፎን ይሞከራል። የድምፃዊው “ሰ” ጆሮ ከወጋ ወይም ባሱ ግጥሙን ከዋጠ እዚያው ይስተካከላል።

የማዳመጫዎቹ ዕድሜ ላይ ሲደረስ ግን ሚዛኑ እንደገና ያጋድላል። ባለገመዱ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ጃኩ አጠገብ ያለው ሽቦ ነው፤ የሰፈር ሞባይል ጠጋኝ ቆርጦ ሌላ ጃክ ይበይድለታል። የገመድ አልባው ሊቲየም ባትሪ በአገልግሎት ብዛት ይደክማል፤ በአብዛኞቹ ትናንሽ ኤርፎኖች ውስጥም በሙጫ ስለታሸገ ሳይሰበር አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሶኒው 7506 ዛሬም በአዲስነቱ ይሸጣል፤ የጆሮው ስፖንጅ ሲላላጥ ለብቻው ተገዝቶ ይለወጥለትና ወደ ሥራው ይመለሳል።