በእጅ ስለሚያዙ የዜማና የዘፈን ማጫወቻዎች፤ «አዲስ» የሚባለው ምን ያህል አዲስ ነው?

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር በመጠኑ ትንሽ፥ በኪስ የሚገባ ዕቃ ነው። ይኸውም ሰው በመንገድም በቤትም ይዞት የሚሄድ የሙዚቃ ማጫወቻ ነው። የዚህ ዕቃ ሠሪዎች በየጊዜው «አዲስ» እያሉ ያወጡታል፤ ገዢዎቹም ገንዘባቸውን ከፍለው ከወሰዱት በኋላ «ይህማ ያው የአምናው ነው» እያሉ ያዝናሉ። ይህ ሐዘን ከየት እንደ መጣ፥ ተገቢ መኾኑንና አለመኾኑን፥ ለአገራችንም ሰው ምን ትርጕም እንዳለው በቅደም ተከተል ለመግለጽ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ጥያቄ የመራን በክረምት ዕረፍት ወደ ላስታ ያደረግነው ጉዞ ነው። ከላሊበላ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ነአኩቶ ለአብ በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ሲኾን፥ ስሙን ያገኘው ከዛጔው ንጉሥ ከነአኩቶ ለአብ ነው። ከዋሻው ጣራ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ የተቀመጡት የድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል፤ ምእመናንም ጠበል ብለው ይወስዱታል። በዚያ አካባቢ አንድ የዜማ ተማሪ ተዋወቅን። ይህ ተማሪ ኹለት ማጫወቻ ነበረው፤ ኹለቱም የአንድ ሠሪ ሥራ ናቸው። የሠሪውን ስም መጥቀስ ለጉዳያችን አያስፈልግም።

አሮጌው ወፍራምና አስቀያሚ ነው። ክዳኑ ይከፈታል፤ የባትሪ ድንጋዩ ይለወጣል፤ ሚሞሪ ካርዱም በጥፍር ተገፍቶ ይወጣል። አዲሱ ቀጭን ነው፤ በቀለም ያበራል፤ ማሳያውም ሰፊ ነው። ነገር ግን ባትሪው ከውስጥ ተጣብቋል፤ ካርድ የሚገባበት ቀዳዳም የለውም፤ ድምፁን የሚያስቀምጠው በራሱ ሆድ ውስጥ ነው። ተማሪው አንድ ክረምት ሙሉ የኔታ ድጓ ሲያዜሙ በአዲሱ ቀረጻቸው። በኹለተኛው ዓመት ባትሪው አብጦ ማጫወቻው አልነሣ አለ። የኔታም በዚያው መካከል በሞት ተለዩ። የላሊበላ ጠጋኞች «ከፈታነው ይሰበራል፤ ከተሰበረም ድምፁ አይገኝም» አሉት። አሮጌው ግን እስካሁን ይሠራል። ተማሪው ለእኛ ሲነግረን አልተቈጣም፤ «አዲስ ነው ብለው ሸጡልኝ፤ እኔም አመንኩ» ብቻ አለ።

የዜማን ትምህርት የማያውቅ አንባቢ የጕዳቱን መጠን እንዲረዳው ጥቂት እንጨምር። ድጓ ከፊደሉ በላይ የዜማ ምልክት አለው። ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ ስልቶችም ተለይተው ይታወቃሉ። ኾኖም ምልክቱ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ ለማያውቅ አስተማሪ አይኾንም፤ ዜማው የሚገኘው ከመምህሩ አፍ ነው። ስለዚህ የጠፋው የተማሪው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

አንድ ሰው «በአንድ ተማሪ ላይ የደረሰ ነገር ሕግ አይኾንም» ይለን ይኾናል። እውነት ነው። ስለዚህ ከላስታ ወጥተን የዕቃውን ታሪክ እንመልከት።

ሶኒ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ዎክማን የተባለውን ማጫወቻ ለገበያ ያወጣው ሐምሌ 1 ቀን 1979 ነው። ካሴቱ አዲስ አልነበረም፤ የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ያወጣው በ1963 ነው። የዎክማን መነሻም ፕሬስማን የሚባል ለጋዜጠኞች የተሠራ ትንሽ መቅረጫ ነበር። ሠሪዎቹ ከዚህ ላይ መቅረጫውንና ድምፅ ማጕያውን አነሡ፤ በጆሮ የሚደረግ ቀላል ማዳመጫ ሰጡ። እንግዲህ ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንማራለን፤ መቀነስ ኹልጊዜ ጕድለት አይደለም። እየሄደ ለሚያዳምጥ ሰው የማያስፈልገው ተነሥቶ ቅለት ተሰጠው። ነገር ግን ያው ዕቃ ለዜማ ተማሪያችን ቢሰጥ ግማሽ ዕቃ ነው፤ እሱ የሚፈልገው መቅረጽ ነውና። ስለዚህ የአንድን ዕቃ መሻሻል ለመፍረድ «ምን ተጨመረ?» ከማለት በፊት «ለማን?» ማለት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የመጣው ትልቅ ለውጥ የአሜሪካው አፕል ኩባንያ በጥቅምት 2001 ያስተዋወቀው አይፖድ ነው። 5 ጊጋባይት የሚይዝ ኾኖ 1,000 ዘፈን በኪስ ይዞ መሄድ ያስችል ነበር፤ ዋጋውም 399 ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን ወጥ አይደለም። በ2007 ክላሲክ የሚባለው እስከ 160 ጊጋባይት ያዘ፤ ይህ እውነተኛ ዕድገት ነው። በመጋቢት 2009 ሻፍል ከሚባለው ላይ ቁልፎቹ ተነሥተው ወደ ማዳመጫው ገመድ ተዛወሩ፤ ሰዎችም ስላጕረመረሙ በ2010 ቁልፎቹ ተመለሱ። ናኖ የሚባለውም በ2009 ተንቀሳቃሽ ምስል የሚያነሣ ካሜራ ተሰጠው፤ በ2010 ተወሰደበት። በ2015 ናኖና ሻፍል «አዲስ» ኾነው የወጡት በቀለም ብቻ ነበር፤ በ2017 ሽያጫቸው ቆመ። ተች የሚባለው በግንቦት 2019 ሲታደስ አካሉ የ2015ቱ ነበር፤ የተለወጠው በዋናነት የውስጥ አንጐሉና የመያዝ ችሎታው ነው። ግንቦት 10 ቀን 2022 ኩባንያው የአይፖድን ዘር ጨርሶ ማቆሙን አስታወቀ።

ከዚህ ኹሉ ይልቅ የሚያስገርመው የክላሲክ ታሪክ ነው። ይህ ዕቃ ከ2009 እስከ 2014 ድረስ አንዳች ሳይለወጥ አምስት ዓመት ተሸጠ። በመስከረም 2014 ሲቀር ግን ብዙ ሰው አዘነ፤ ያገለገለውም ከመጀመሪያው ዋጋ በላይ እንደ ተሸጠ በጊዜው ተዘግቧል። እንግዲህ ገዢው «ለምን አልለወጣችሁልኝም» ብሎ ብቻ ያዝናል ማለት ስሕተት ነው። ሳይለወጥ የሚያገለግለውን ይወዳል፤ ተለወጠ ተብሎ ያልተለወጠውን ይጠላል። የሐዘኑ ምንጭ የለውጥ ማነስ ሳይኾን የቃልና የዕቃ አለመስማማት ነው።

እንግዲህ «አዲስ» የሚባለውን በሦስት እንከፍለዋለን። አንደኛው ፍላጎትን የሚሞላ ነው፤ ብዙ የሚይዝ፥ ረዥም ጊዜ የሚቆይ፥ ዋጋው የወረደ። ኹለተኛው ልብስ የሚለውጥ ነው፤ ቀለሙና ቅጥነቱ። ሦስተኛው የነበረውን የሚወስድ ነው፤ ቁልፍ፥ ካርድ፥ የሚከፈት ክዳን። ኹለተኛው ጕዳት የለውም፤ ሰው ቀይ ማጫወቻ ቢወድ ማንም አይከለክለውም፤ በ«አዲስ» ስም ሙሉ ዋጋ ሲጠየቅበት ግን ነቀፋ ይገባዋል። ሦስተኛው ከኹሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም የተወሰደው ነገር በማስታወቂያው ላይ አይጻፍም። ተማሪያችን ማጫወቻውን ሲገዛ ስለ ብርሃኑና ስለ ቅጥነቱ ተነገረው፤ ካርዱ መቅረቱን ግን ማንም አልነገረውም።

ለሠሪዎቹም ጠበቃ ኾነን እንናገር። «ባትሪው የተጣበቀው ዕቃው እንዲቀጥን ነው፤ ጥቃቅኑም መሻሻል ሲደመር ትልቅ ይኾናል» ይላሉ። የኋለኛውን እንቀበላለን፤ ከ5 ወደ 160 ጊጋባይት የተደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። የፊተኛውን ግን በግማሽ ብቻ እንቀበላለን። በ2003 ኒው ዮርክ ውስጥ የኒስታት ወንድማማቾች የአይፖድ ባትሪ ሲደክም የሚለወጥበት መንገድ የለም ብለው አጭር ፊልም ሠርተው አሳዩ። ኩባንያውም በዚያው ዓመት ባትሪ በ99 ዶላር የሚለወጥበትን አገልግሎት አስታወቀ። ይህ የሚያሳየው ባትሪ መለወጥ የማይቻል አለመኾኑን ነው። በኒው ዮርክ ያለ ሰው ዕቃውን በፖስታ ልኮ ይጠብቃል። የላስታ ሰው ግን ለማን ይልካል? እዚያ ለቅጥነት የተከፈለው ዋጋ 99 ዶላር ከነበረ፥ እዚህ የተከፈለው የመምህሩ ድምፅ ነው።

እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህራችን አንድ አሮጌ ቴፕ ይዘው ወደ ክፍል ይመጡ ነበር። የባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅ ከሱቅ ተገዝቶ ይለወጥ ነበር፤ የካሴቱ ክር ሲጠላለፍ በእስክሪብቶ ይጠቀለል ነበር። በዚያን ጊዜ እንሥቅበት ነበር። አሁን ግን ያ ቴፕ አንድ ትልቅ ጠባይ እንደ ነበረው እናያለን፤ ድምፁ ያለበት ዕቃና ድምፁን የሚያጫውተው ዕቃ የተለያዩ ነበሩ። አንዱ ቢሞት ሌላው አብሮት አይቀበርም። በአገራችን በ1970ዎቹ ካሴት የሸክላን ስፍራ ሲይዝ፥ ኋላም ካሴቱ ለሲዲ፥ ሲዲው ለፍላሽና ለሚሞሪ ካርድ ስፍራውን ሲለቅ፥ ይህ ጠባይ አልተለወጠም ነበር። የተማሪው አዲስ ማጫወቻ ያፈረሰው ይህንን ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ ኹሉ ክርክር ያረጀ ነው፤ ዛሬ ስልክ አለ፥ ዘፈኑም ከኢንተርኔት ይወርዳል» ይሉናል። ለአዲስ አበባ ይህ በብዙ እውነት ነው። ነገር ግን በ2021 ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ መብራትም ስልክም ተቋርጦ ነበር። በነሐሴ 2023ም በዐማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ከአየር የሚመጣ ዜማ አየሩ ሲዘጋ ይቀራል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራና ካርድ የሚይዝ ወፍራም ማጫወቻ ግን በዚያን ጊዜም ያገለግላል።

ሌላም ነጥብ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999፥ ይኸውም አይፖድ ከመውጣቱ ኹለት ዓመት በፊት ነው። ኾኖም ያየናቸው ርካሽ ማጫወቻዎች በአማርኛ የተጻፈውን ስም በባዶ አራት ማዕዘን ይተኩታል። ተማሪውም የቀረጸውን ለመለየት ስሙን በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ አለዚያም በቁጥር ያስታውሰዋል። ማጫወቻው ቀለሙን ሲለውጥ ይህ ጕድለት አልተለወጠም። ፊደል ማሳየት ለእኛ አገር ገዢ የመጀመሪያው ዐይነት መሻሻል ነበር፤ የተሰጠን ግን ኹለተኛው ነው።

ከዚህ በላይ ከተናገርነው የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። የገዢዎች ሐዘን ምስጋና ቢስነት አይደለም፤ በቂ ምክንያት አለው። ነገር ግን ሐዘኑ ብዙ ጊዜ የሚያነጣጥረው በተሳሳተው ስፍራ ነው፤ «ትንሽ ብቻ ጨመሩ» በማለት ያልተጨመረውን ይቈጥራል እንጂ የተወሰደውን አይመረምርም። ስለዚህ ለሚገዛ ሰው አራት ጥያቄ እናቀርባለን። ባትሪው በሠፈሬ ይለወጣል ወይ? ድምፁ ከዕቃው ተለይቶ ይወጣል ወይ? ከአሮጌው የቀረ ነገር አለ ወይ? ፊደሌን ያሳያል ወይ? ለእነዚህ መልስ ሳያገኝ ቀለሙን የሚያይ ሰው ኋላ የሚያማርረው በከፊል ራሱን ነው።

ለኮሌጃችን መምህራንና ተማሪዎችም አንድ ሐሳብ እናቅርብ። በየገዳሙና በየደብሩ የተማሪዎች የግል ቅጂ ብዙ ነው፤ ጠባቂው ግን በኪስ ያለች ትንሽ ማጫወቻ ብቻ ናት። ወደ አገራቸው ለዕረፍት የሚሄዱ ተማሪዎች፥ ባለቤቶቹ ከፈቀዱ፥ ይህን ድምፅ በኹለትና በሦስት ስፍራ ቢገለብጡት ብዙ ድካም አይጠይቅም።

ከነአኩቶ ለአብ ስንመለስ ተማሪው የማይነሣውን ማጫወቻ በጨርቅ ጠቅልሎ ከመጽሐፉ ጋር አስቀምጦት አየን። በአሮጌው ደግሞ የሌላ መምህር ድምፅ መቅረጽ ጀምሯል። ካርዱን አውጥቶ ሰጠን፤ እኛም በያዝነው ላፕቶፕ ገልብጠን መለስንለት።